ሙጫና ግድግዳ

በአማርኛችን «ሙጫ» የሚለው ቃል ሁለት ቤት አለው። አንደኛው ቤቱ ዛፍ ላይ ነው። ግራር ቅርፊቱ ሲሰነጠቅ በቁስሉ ላይ የሚያንጠባጥበው፣ አየር ሲያገኘው የሚጠጥረው ፈሳሽ ሙጫ ይባላል፤ እጣንና ከርቤም የሚገኙት በዚሁ መንገድ ከቆሰለ ዛፍ ነው። ሁለተኛው ቤቱ ሱቅ መደርደሪያ ላይ ነው። ሁለት የተለያዩ ነገሮችን አገናኝቶ የሚይዝ ሁሉ፣ ከየትኛውም ፋብሪካ ቢመጣ፣ በእኛ አፍ ሙጫ ነው። ዛፉ ሙጫውን የሚያፈልቀው ቁስሉን ለመዝጋት ሲሆን እኛ ደግሞ ብዙውን ጊዜ ሙጫ የምንገዛው ቁስሉን ለመሸፈን ነው። በመዝጋትና በመሸፈን መካከል ያለውን ርቀት ለመለካት ከአንድ ክረምት ያላነሰ ጊዜ ወስዶብኛል፤ የለካሁትም በመታጠቢያ ቤቴ ግድግዳ ላይ ነው።

ከ1990ዎቹ መጨረሻ ጀምሮ አዲስ አበባን ከከበቧት የጋራ መኖሪያ ሕንጻዎች በአንዱ፣ ሁለተኛ ፎቅ ላይ እንኖራለን። ግድግዳው ብሎኬት ነው፤ በብሎኬቱ ላይ የሲሚንቶ ልስን፣ በልስኑ ላይ ቀለም አለ። መታጠቢያ ቤቱ 1.2 ሜትር በ1.9 ሜትር ነው። መስኮት የለውም፤ አየር የሚገባበት ከጣሪያው ሥር ያለች አንዲት ቀዳዳ ብቻ ናት። ከሻወሩ በላይ ያለው ቀለም መጀመሪያ እንደ ተጠበሰ እንጀራ ዐይን አወጣ፤ ቀጥሎም ተላጠ፤ በመጨረሻም በማዕዘኑ በኩል ጥቁር ሻጋታ ያዘው። ሻጋታው ሲጠረግ ይጠፋል፤ በሳምንቱ ግን ተመልሶ ይመጣል።

ሰኔ አጋማሽ ላይ ሴት ልጅ ተወለደችልን። በእኛ ሥርዐት ሴት ልጅ ክርስትና የምትነሣው በሰማንያ ቀኗ ነው። ቀኑን ስንቆጥረው ከአዲስ ዓመት ዋዜማ ጋር ገጠመ። ከባለቤቴ አገር ዘመዶች ይመጣሉ፤ የኔም እናት ትመጣለች። ከዚያ በፊት ደግሞ ልጅቷ በየቀኑ በዚያች ጠባብ ክፍል ውስጥ፣ በዚያ ሻጋታ ሥር ትታጠባለች። ባለቤቴ በጎረቤት ቤት ያየችውን የፕላስቲክ ልባስ አነሣች። ሰዉ «ፒቪሲ» እያለ የሚጠራው፣ ውስጡ ክፍት የሆነ፣ አንዱ ከሌላው ጋር በጠርዙ እየተቆላለፈ የሚገጠም ፓኔል ነው። ሴራሚክ ከዚህ ይልቅ ውድ ነው፤ አሮጌውን መቆፈርና አቧራውን መቻልም ይጠይቃል። አራስ ባለችበት ቤት ይህ የሚታሰብ አልነበረም። ፓኔሉ ግን ቢበዛ በሁለት ቀን ያልቃል፤ ሲቆሽሽ በጨርቅ ይጠረጋል፤ ብርሃኑም ጠባቧን ክፍል ሰፋ ያደርጋታል። ሐሳቡን ወደድኩት። የቀረው በምን እንደሚጣበቅ መወሰን ብቻ መሰለኝ።

በሰው ጥቆማ የመጣው ሠራተኛ ሃያ ዓመት የሚሆነው ጎበዝ ልጅ ነው። በሜትር ለካ፤ በጣቱ ግድግዳውን አንኳኳ፤ ከዚያም ሳያቅማማ፣ «ማስቲሽ ነዋ ጋሼ! አንድ ቆርቆሮ ገዝተህ ጠብቀኝ፤ በግማሽ ቀን አለብሰዋለሁ» አለኝ።

ማስቲሽን የማያውቅ የአዲስ አበባ ልጅ የለም። ጫማ ሠሪው ሶሉን ከቆዳው ጋር የሚያጋባበት፣ ቢጫ ቀለም ያለው፣ ክዳኑ ገና ሲከፈት ራስ የሚያዞር ሙጫ ነው። በመሠረቱ በሚተን ኬሚካል ውስጥ የሟሟ ጎማ ነው። በሁለቱም ፊት ይቀባል፤ ኬሚካሉ እስኪተን ጥቂት ደቂቃ ይጠበቃል፤ ከዚያ ሁለቱ ፊቶች በተገናኙበት ቅጽበት ይጨብጣል። አንዴ ከጨበጠ በኋላ ትንሽ ወደ ግራ፣ ትንሽ ወደ ቀኝ ማለት የለም። ይህን ሙጫ ከጫማ ሠሪው ሌላ የሚያውቁት አሉ። ብርድንና ረኀብን ለመርሳት በፕላስቲክ ጠርሙስ ይዘው ከአፍንጫቸው የማይለዩት የጎዳና ልጆች ናቸው። ብዙዎቹ የዚህ ዐይነት ሙጫዎች ቶሉዊን የሚባል ኬሚካል አላቸው፤ ልጆቹን የሚያደነዝዛቸውም ይኸው ትነት ነው። ለረጅም ጊዜ የሳበውን ሰው አንጎልና ነርቭ ይጎዳል። እሳትም ይወዳል፤ በተዘጋ ክፍል ውስጥ አንዲት ክብሪት ትበቃዋለች።

እንግዲህ መስኮት በሌላት፣ 1.2 በ1.9 ሜትር በሆነች ክፍል ውስጥ፣ አንድ ወጣት በሩን ዘግቶ ግማሽ ቀን ሙሉ ግድግዳውን ማስቲሽ ሲቀባ አሰብኩት። ከበሩ ማዶ ደግሞ የሳምንታት ዕድሜ ያላት ሕፃን አለች። «ሽታው አይከብድህም?» አልኩት። «ለምጄዋለሁ» አለ እየሣቀ። ሳንባ ግን አይለምድም፤ የሚለምደው አፍንጫ ነው። የለመደ አፍንጫ ደግሞ ማስጠንቀቁን የተወ ዘበኛ ማለት ነው። ማስቲሽ እንደማልገዛ ነገርኩት። ሌላ ሙጫ ፈልጌ እስክጠራው እንዲታገሠኝ ለመንኩት፤ ለድካሙም ከፍዬ ሸኘሁት።

በቀጣዩ ቅዳሜ መርካቶ ወረድኩ። የሕንጻ ዕቃ ከሚሸጡት ሱቆች ወደ አንዱ ገብቼ፣ መነጽራቸውን ግንባራቸው ላይ የሰቀሉ አንድ ሽማግሌ ባለሱቅ ፊት ቆምኩ። «አባባ፣ ለመታጠቢያ ቤት ፒቪሲ የሚሆን ጠንካራ ሙጫ ይኖርዎታል?» አልኳቸው። እሳቸው ወደ መደርደሪያው አልዞሩም። ዐይን ዐይኔን እያዩ፣ «ምን ላይ ነው የምትለጥፈው ልጄ?» ሲሉ ጠየቁኝ። ፒቪሲ መሆኑን ደግሜ ነገርኳቸው። «እሱንማ ሰማሁ። እኔ የጠየቅሁህ የሚለጠፈውን አይደለም፤ የሚለጠፍበትን ነው። ልስን ነው? ቀለም ነው? ሴራሚክ ነው? ደረቅ ነው? እርጥብ ነው?»

ሙጫ ልገዛ የሄድኩት ሰውዬ ስለ ግድግዳዬ መጠየቄ ደነቀኝ። ሆኖም ከዚያ ቀን ጀምሮ ያነበብኩትም የጠየቅሁትም ሁሉ የሽማግሌውን ጥያቄ የሚያብራራ ሆኖ አገኘሁት። «ጠንካራ ሙጫ» የሚባል ነገር ብቻውን የለም። ለዚህ ነገር፣ በዚህ ገጽ ላይ፣ በዚህ አየር ውስጥ የሚስማማ ሙጫ ብቻ ነው ያለው።

እስቲ መደርደሪያውን አብረን እንቃኘው። ነጩ የእንጨት ሙጫ፣ አናጺዎች «ኮላ» የሚሉት፣ ለእንጨት ወዳጅ ነው። ውስጡ ያለው ውሃ በእንጨቱ ጭረቶች በኩል ሲመጠጥ ይደርቃል። እርጥበት በተመለሰበት ጊዜ ግን ይለሰልሳል፤ ስለዚህ ለመታጠቢያ ቤት አይሆንም። በውሃ የተበጠበጡት ሌሎች የግንባታ ሙጫዎች ከዚህ የተሻሉ ናቸው፤ ሽታቸውም ቀላል ነው። ነገር ግን እነርሱም ውሃቸውን የሚመጥላቸው አንድ ወገን ይፈልጋሉ። ፕላስቲክን በደረቅ ልስን ላይ ሲያጣብቁ ልስኑ ውሃውን ይጠጣላቸዋል። ፕላስቲክን በሚያብረቀርቅ ሴራሚክ ላይ ከሆነ ግን ሁለቱም ወገን የማይጠጣ ነውና ሙጫው መሐል ላይ ታፍኖ ለሳምንታት እርጥብ እንደ ሆነ ሊቆይ ይችላል።

የቧንቧ ሠራተኞች የፒቪሲ ቱቦ የሚያያይዙበት ትንሽ ጣሳም አለ። «ፒቪሲ» የሚል ስም ስለተጻፈበት ብዙ ሰው ለፓኔሉም ይሆናል ብሎ ያስባል። የዚያ ሙጫ ሥራ ግን ሌላ ነው። የሁለቱን ፕላስቲኮች ገጽ ጥቂት አሟሙቶ አንዱን ከሌላው ጋር ያዋሕዳል። ሲሚንቶን ሊያሟሟ አይችልም፤ ስሱን የፓኔል ገጽ ግን ሊያቆስለውና ሊያጣምመው ይችላል።

ሲሊኮንን ሁላችንም እናውቀዋለን፤ በእጅ መታጠቢያው ጠርዝ ዙሪያ የሚደረገው ነው። ሲሊኮንም ግን አንድ ዐይነት አይደለም። ሲወጣ አቼቶ አቼቶ የሚሸተው ዐይነት አሲድ እየለቀቀ ነው የሚጠጥረው። በመስታወትና በሴራሚክ ላይ ደኅና ይይዛል። በሲሚንቶ ልስን ላይ ሲያርፍ ግን አሲዱ ከልስኑ ኖራ ጋር ይገናኝና መያዣውን ያዳክመዋል፤ የመስታወትንም ጀርባ ይበላል። ያ ሽታ የሌለው፣ «ኒውትራል» የሚል ጽሑፍ ያለበት ሌላው ዐይነት ለልስንም ለፕላስቲክም ይሻላል። ይሁንና የሲሊኮን ዋና ሙያው ስንጥቅና ጠርዝ መዝጋት እንጂ ሙሉ ግድግዳ መሸከም አይደለም።

በመጨረሻ ሽማግሌው ከላይኛው መደርደሪያ ያወረዱልኝ ቱቦ ነበር። በዘመናችን «ኤምኤስ ፖሊመር» ወይም «ሃይብሪድ» የሚባለው ዐይነት ነው፤ ጃፓኖች እ.ኤ.አ. በ1970ዎቹ መጨረሻ ለገበያ ያወጡት ግኝት ነው። የሚተን ማሟሚያ የለበትም። የሚጠጥረው ከአየሩ በሚያገኘው እርጥበት ነው። በፒቪሲ ላይም በልስን ላይም ይይዛል። ከደረቀም በኋላ እንደ ጎማ ይለጠጣል እንጂ እንደ ብርጭቆ አይሰበርም። ዋጋው ከተራው ሙጫ ሦስት እጥፍ ያህል ነበር። ሽማግሌው ፊቴን አይተው፣ «ስትለጥፍ ይወደድብሃል፤ ስትኖርበት ይረክስልሃል» አሉኝ።

መለጠጡ ለምን ያስፈልጋል? ፕላስቲክ ሙቀት ሲነካው ያድጋል፤ ሲበርደው ይሰበሰባል። 2.4 ሜትር ርዝመት ያለው የፒቪሲ ፓኔል፣ ሙቀቱ በ20 ዲግሪ ሲለወጥ ርዝመቱ በ3 ሚሊሜትር ገደማ ይለወጣል። የአዲስ አበባን የክረምት ማለዳና ከሻወር የሚወጣውን እንፋሎት የሚያውቅ ሰው 20 ዲግሪ ብዙ እንዳልሆነ ይረዳል። ብሎኬቱ ግን ይህን ያህል አይንቀሳቀስም። ስለዚህ በየቀኑ፣ ሰው በታጠበ ቁጥር፣ ፓኔሉ ከግድግዳው ጋር ይጓተታል። መሐል ላይ ያለው ሙጫ ድርቅ ያለ ከሆነ ወይ ራሱ ይሰነጠቃል፣ ወይ ፓኔሉ ይቆለመማል፣ ወይ የልስኑን ቆዳ ገፎ ይወጣል። የሚለጠጥ ከሆነ ለሁለቱም ጥቂት ጥቂት እየለቀቀ ሁለቱንም ይይዛቸዋል።

ይህ ዕውቀት ለአገራችን ሰው አዲስ አይደለም። የጭቃ ቤት የሚመርጉ አባቶችና እናቶች ጭቃን ብቻውን አይመርጉም። የጤፍ ጭድ ይጨምሩበታል፤ በውሃ ለቀናት ያቦኩታል፤ በእግር ይረግጡታል። ጭዱ ጭቃውን ሲደርቅ እንዳይሰነጠቅ ይይዘዋል፤ ማገሩና ቋሚው በፀሐይና በዝናብ ሲላወሱም ምርጊቱ አብሮ እሺ ይላል። ከዚህ በተቃራኒ በየሓ የሚገኘው ጥንታዊ ቤተ መቅደስ ምንም ማጣበቂያ የለውም፤ የተጠረቡት ድንጋዮች አንዱ በሌላው ላይ ተስተካክለው ከመቀመጣቸው የተነሣ ከሁለት ሺሕ አምስት መቶ ዓመት በላይ ቆመዋል። የጎንደር አብያተ መንግሥት ደግሞ በኖራ ተያይዘዋል። ሦስቱም ግንበኞች መጀመሪያ ያዩት ምን ከምን ጋር እንደሚገናኝ ነው። ድንጋይ ከድንጋይ ጋር ሲሆን አንድ መላ፣ ጭቃ ከእንጨት ጋር ሲሆን ሌላ መላ አበጁ።

ቱቦዎቹን ይዤ ቤት ስገባ የቀረው የሽማግሌው የመጨረሻ ጥያቄ ነበር፤ ደረቅ ነው ወይስ እርጥብ? ለዚህ ቀላል ፈተና አለው። አንድ ክንድ በአንድ ክንድ የሚሆን የላስቲክ ቁራጭ ወስዶ አራቱንም ጠርዝ በፕላስተር ግድግዳው ላይ አጥብቆ መለጠፍ፣ ከዚያም ሁለት ቀን መጠበቅ ነው። ጤዛው ከላስቲኩ ፊት፣ ወደ ክፍሉ በኩል ከታየ እርጥበቱ የክፍሉ እንፋሎት ነው። ከላስቲኩ ጀርባ፣ ወደ ግድግዳው በኩል ከታየ ግን እርጥበቱ የሚመጣው ከግድግዳው ከራሱ ነው። ሁለት ቦታ ለጠፍኩ፤ አንዱን ከታች በበሩ አጠገብ፣ አንዱን ከላይ ቀለሙ በተላጠበት ቦታ። በሁለተኛው ቀን ማታ የታችኛው ላስቲክ ደረቅ ነበር። የላይኛው ግን ከጀርባው ውሃ አቁሯል።

የእኛ ሻወር ከላይ ወደ ታች እንጂ ከታች ወደ ላይ አይፈስም። ውሃው የሚወርደው ከሦስተኛ ፎቅ ነው ማለት ነው።

እንግዲህ ሁለት መንገድ ከፊቴ ነበሩ። አንደኛው መለጠፍ ነው። የገዛሁት ሙጫ ጥቂት እርጥበት ይችላል፤ ፓኔሉም ውሃ አይነካውም። በክርስትናው ቀን መታጠቢያ ቤቱ እንደ ሙሽራ ነጭ ይሆናል፤ ማንም ምንም አያይም። ከፓኔሉ ጀርባ ግን ውሃው መውረዱን አያቆምም። ሻጋታው ብርሃንና አየር በሌለበት፣ ጨርቅ በማይደርስበት፣ እርጥበት በማይጎድልበት ቦታ ይሰፋል። ልስኑ እየራሰ ከብሎኬቱ ይለቃል፤ ያን ጊዜ ምርጥ የተባለውም ሙጫ የለቀቀውን ልስን እንደ ያዘ አብሮ ይወድቃል። በዚያን ማታ በደብተሬ ጠርዝ ላይ ይህችን ጫርኩ፤

እንባህን ሳትጠርግ ፊትህን ብትሸፍን፣
ከጨርቁ ማዶ ነው የሚሻግት ሐዘን።

ሁለተኛው መንገድ ደረጃ መውጣት ነው።

በላያችን የሚኖሩት ብቻቸውን ያሉ እናት ናቸው፤ በጡረታ ነው የሚተዳደሩት። ሰላምታችን እስከዚያ ቀን ድረስ በደረጃ ላይ ከ«እንደምን አደሩ» አላለፈም ነበር። በሩን ከፍተው ሲያዩኝ በመጀመሪያ ደስ አላቸው፤ ስለ ልጅቷ ጠየቁኝ፤ አስቀመጡኝ። ስለ ውሃው ስነግራቸው ግን ፊታቸው ተለወጠ። «እኔ ልጄ፣ አንድ ባልዲ ውሃ ለሁለት ቀን የማብቃቃ ሰው ነኝ። ኮሚቴው ልኮህ ነው?» አሉኝ። ማንም እንዳልላከኝ፣ ክስም እንዳልመጣ ነገርኳቸው። ቀስ በቀስ የሚያስፈራቸው ነገር ገባኝ። ቧንቧ ሠራተኛ ቢጠራ ወለሉ ይቆፈራል፤ ወለሉ ከተቆፈረ ወጪው ከጡረታቸው በላይ ይሆናል፤ ስለዚህ ሲፎናቸው ሲያፈስስ እያዩ ከሥሩ ጨርቅ ሲያደርጉ ኖረዋል። እሳቸው በጨርቅ ሸፈኑት፤ እኔ ደግሞ ከታች በፕላስቲክ ልሸፍነው ተሰናድቼ ነበር። ያው አንድ ውሃ ነው።

«እማማ፣ ወጪውን አብረን እንችለዋለን። ለኔም ግድግዳ ነው» አልኳቸው። ቡና አፈሉ፤ እምቢ ማለት አልተቻለም። በማግስቱ የመጣው ቧንቧ ሠራተኛ ወለሉን መቆፈር አላስፈለገውም። የሲፎኑ መገጣጠሚያ ላይ ያለው የጎማ ቀለበት አርጅቶ ተሰንጥቋል፤ በወለሉና በቱቦው መካከል ያለውም ክፍተት ተከፍቷል። ቀለበቱን ለወጠ፤ ክፍተቱን ደፈነ። የወጣው ገንዘብ እኔ ለሙጫ ካወጣሁት ያነሰ ነበር።

ውሃው መቆሙ ግን ግድግዳው ደረቀ ማለት አይደለም። ሐምሌና ነሐሴ ናቸው፤ አየሩ ራሱ እርጥብ ነው። ብሎኬትና ልስን ለወራት የጠጡትን ውሃ በሳምንት አይተፉም። የተላጠውን ቀለም በስፓቱላ እስከ ልስኑ ድረስ ፋቅኩት፤ ሻጋታውን በበረኪና አጠብኩት፤ በሩን ቀን ቀን ክፍት ተውኩት። በየዐሥር ቀኑ ላስቲክ እየለጠፍኩ አየሁ። ጤዛው እየቀነሰ መጣ፤ ነገር ግን አልጠፋም። ጳጉሜን ገባች።

ባለቤቴን የማመሰግነው እዚህ ላይ ነው። ሠራተኛው «አሁን ብንጀምር ለክርስትናው ይደርሳል» ብሎ ሲደውል፣ ስልኩን እኔ ሳልወስደው እሷ ናት የመለሰችለት። «ሲሮጡ የታጠቁት ሲሮጡ ይፈታል፤ እንግዶቹ የሚመጡት ለልጅቷ ነው፤ ግድግዳውን ሊያዩ አይደለም» አለችው። በክርስትናው ዕለት የመታጠቢያ ቤታችን ግድግዳ ራቁቱን ነበር፤ ግራጫ ልስን፣ እዚህም እዚያም የስፓቱላ ጭረት። አንዳንድ ዘመድ ገብቶ ሲወጣ ፊቱ ላይ ጥያቄ አይቻለሁ። እናቴ ግን ግድግዳውን በመዳፏ ዳብሳ፣ «ገና ምርጊቱ አልደረቀም፤ ደግ አደረጋችሁ» ብላ ወጣች። የላይኛዋ እማማ ድፎ ዳቦ ይዘው መጡ፤ ልጅቷንም ከእቅፋቸው ሳያወርዷት ዋሉ።

ላስቲኩ በሁለቱም ፊት ደርቆ የተገኘው ከመስቀል በኋላ፣ ፀሐዩ ከወጣ በሦስተኛው ሳምንት ነው። ያንኑ ወጣት ጠራሁት። በአዲሱ ሙጫ ሠርቶ ስለማያውቅ መጀመሪያ ላይ ተጠራጠረ። አሠራሩን ለሚሹ አንባቢያን በአጭሩ ላስቀምጠው። ግድግዳው ተፍቆ አቧራው በእርጥብ ጨርቅ ይጠረጋል፤ እንዲደርቅም ይተዋል። በቀለም ላይ የተጣበቀ ነገር ቀለሙን እንጂ ግድግዳውን አልያዘምና፣ የሚላጥ ቀለም አንድም መቅረት የለበትም። የፓኔሉ ጀርባ በአልኮል ተጠርጎ ከቅባት ይጸዳል። ሙጫው በሲሊኮን ሽጉጥ ከላይ ወደ ታች በቀጥታ መስመር ይደረጋል፤ በየመስመሩ መሐል ክፍት ቦታ ይተዋል። ሙጫው የሚደርቀው አየር ሲያገኘው ስለሆነ፣ ዳር ዳሩን ክብ አድርጎ መዝጋት ወይም ጀርባውን ሁሉ መለቅለቅ አየር ያሳጣዋል። በፓኔሉ ግርጌና ራስ ላይ፣ ፕላስቲኩ የሚያድግበት ጥቂት ሚሊሜትር ክፍተት ይተዋል፤ ያም በጠርዝ ማሰሪያ ይሸፈናል። ውሃ በቀጥታ በሚመታው ማዕዘን ላይ ብቻ ሽታ የሌለው ሲሊኮን ይገባል። ከዚያ ቢያንስ አንድ ቀን ሙሉ ማንም አይታጠብም።

ሒሳቡንም ሠርቼዋለሁ፤ ቀኑን በቁጥር የሚውል ሰው ከዚህ አያመልጥም። ሦስቱ ግድግዳዎች ተደምረው 5 ሜትር ናቸው። የአንዱ ፓኔል ስፋት 25 ሴንቲሜትር ስለሆነ 20 ፓኔል ያስፈልጋል። ለእያንዳንዱ 2.4 ሜትር ርዝመት ያለው ሁለት መስመር ሙጫ ሲደረግ በድምሩ 96 ሜትር ይሆናል። 300 ሚሊሊትር የሚይዝ አንድ ቱቦ፣ 5 ሚሊሜትር ውፍረት ባለው መስመር፣ 15 ሜትር ያህል ይሄዳል። ስለዚህ ሰባት ቱቦ ይበቃል። የውዱና የርካሹ ሙጫ ልዩነት በሰባት ቱቦ ሲባዛ፣ ባለቤቴ ለክርስትናው ከገዛችው ቅቤ አይበልጥም ነበር። ብዙ ሰው ከሥራው ሁሉ ርካሽ በሆነው ነገር ላይ ይቆጥባል፤ ሌላው ሁሉ የሚንጠለጠለው ግን በዚያው ነገር ላይ ነው።

ወጣቱ ቀኑን ሙሉ በሩን ከፍቶ ሠራ። ማታ ላይ እጁን ሲታጠብ፣ «ዛሬ ራሴን አላመመኝም» አለ። በየሥራው ማግስት ራሱን እንደሚያመው ያን ዕለት ነው የሰማሁት። የድካም መስሎት ኖሯል። የቱቦውን ስም ከባዶው ላይ ቀዶ ኪሱ ውስጥ ከተተው፤ ለሌላ ደንበኛ ሊያሳየው ይሆናል።

አንድ ነገር ብቻ ለምኜው ነበር። ከሃያዎቹ ፓኔሎች መካከል የመጨረሻው፣ ማዕዘኑ ላይ ያለው፣ ያ ከላይ ቀለሙ መጀመሪያ የተላጠበትን ቦታ የሚሸፍነው፣ ሙጫ አልተደረገበትም። በጠርዝ ማሰሪያው ብቻ ነው የቆመው። ላየ ሰው ከሌሎቹ አይለይም። በስድስት ወር አንድ ጊዜ ማሰሪያውን አውልቄ ፓኔሉን ወደ ጎን አደርገዋለሁ፤ ባትሪ አብርቼ ልስኑን አያለሁ፤ በመዳፌም እዳብሰዋለሁ። እስካሁን ደረቅ ነው። ውጤቱን እማማ ይጠይቁኛልና ደረጃውን ወጥቼ እነግራቸዋለሁ፤ ቡናው እስኪፈላም ሲፎናቸውን አየት አደርጋለሁ።